ዘበኛውን ጠይቁ፦ ስለ ሕንፃና ስለ ንፋስ

(አዳማ ላይ ለግንባታ ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለቤት ባለቤቶች የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የሳይት አቧራችሁን አራግፋችሁ በቀጥታ የመጣችሁ ፎርማኖች፣ ተማሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ይሰማል? ይሰማል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከመጀመሬ በፊት ይቺን ቁራጭ ቆርቆሮ ከፊት ወንበር ጀምራችሁ እጅ በእጅ አቀባብሉልኝ። ጠርዟ ስለት ነው፣ ተጠንቀቁ። ሚስማሩ የነበረበትን ቀዳዳ ልብ ብላችሁ እዩት። ክብ ሆኖ ነው የተበሳው፤ አሁን ግን ወደ አንድ ጎን ረዝሞ ተቀዷል። ዙሪያውን ደግሞ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ታያላችሁ። ትዙር፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ለአዳማ ሰው ስለ ንፋስ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በጋ ላይ አቧራው ተጠቅልሎ ሲነሳ፣ የሱቁ ሸራ ሲንጫጫ፣ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ከከተማችሁ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙትን የንፋስ ተርባይኖች ቁጠሩ፤ አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት 102። ሁለቱ ተደምረው 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። አገር ይህን ያህል ገንዘብ ያፈሰሰው እዚህ ያለው ንፋስ ጉልበት እንዳለው ለክቶ ስላረጋገጠ ነው። ታዲያ ያው ንፋስ የእኛን ጣራ፣ የእኛን አጥር፣ የእኛን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲመታ ጉልበቱን የት ጥሎት ይመጣል ብለን ነው ሳናሰላ የምንሠራው?

ዛሬ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የንፋስ ጉልበት ከየት ይመጣል። ሁለተኛ፣ አንድ ሕንፃ ለንፋስ ስሱ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በምን እንመዝናለን። ሦስተኛ፣ ተሠርቶ ያላለቀ ሕንፃ። ሦስተኛው በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ላይ ብዙም ጊዜ አይሰጠውም። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ሰው ሲጎዳ ያየሁት እዚያ ላይ ነው።

ወደ አንደኛው። ብዙ ሰው ንፋስ ይገፋል ብቻ ብሎ ያስባል። መግፋቱ እውነት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገራችን የሕንፃ ኮድ፣ ማለትም የሕንፃ ስሌት መመሪያ፣ ኢቢሲኤስ 1፣ መነሻ የንፋስ ፍጥነት ብሎ የሰጠን በሰከንድ 22 ሜትር ነው፤ በሰዓት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ የሚለካ፣ የ10 ደቂቃ አማካይ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ሳሳ ይላል። ይህን ሁሉ አስገብተን ስናሰላው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 24 ኪሎ ገደማ ግፊት ይወጣል። ቀላል ይመስላል አይደል? አሁን ፍጥነቱን እጥፍ አድርጉት። ግፊቱ 48 አይሆንም፣ 96 ይሆናል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊት አራት እጥፍ ነው። አራት እጥፍ! ተማሪዎች፣ ይህን ጻፉት። ደግሞ 10 ደቂቃው አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ሽውታውን፣ ለጥቂት ሰከንድ በርትቶ የሚመጣውን ምት፣ ይደብቃል። የሚጥለው ሽውታው ነው።

ከመግፋቱ የባሰው ግን መሳቡ ነው። ንፋስ ግድግዳ መትቶ ወደ ላይ ሲጠማዘዝ ጣራውን ከላይ ይመጠዋል። ጣራው ለጥ ያለ ከሆነ ይብሳል፤ ጠርዙና ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። እዚያ መሳቡ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ቀጭኑ ቆርቆሮ በካሬ ሜትር ስንት ይመዝናል? 3 ኪሎ ቢሞላ ነው። የ15 ሳንቲ ሜትር አርማታ ጣራ ግን 375 ኪሎ ነው። አርማታውን ክብደቱ ይዞታል። ቆርቆሮውን የያዘው ሚስማሩ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የተወለድኩት አርሲ ገጠር ነው። አባቴ ጎጆ ይሠራ ነበር፤ ለራሱም ለጎረቤትም። ጎጆ ክብ ነው፣ ንፋሱ የሚመታው ሰፊ ፊት የለውም፣ ዞሮት ያልፋል። ክዳኑ ሾጣጣ ነው፣ ለጥ እንዳለ ጣራ አይመጠጥም። ወራጁን ከግድግዳው ራስ ጋር ሲያስር ልጡን በውሃ ነክሮ ነበር፤ ሲደርቅ እንዲጠብቅ። ልጡን ስቦ ስቦ፣ በጥርሱ ሁሉ ይዞ ነበር የሚያጠብቀው። ስንቸኩልበት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይለን ነበር። እናቴ ደግሞ ንፋስ ሲነሳ የመጀመሪያ ቃሏ «በሩን ዝጉት!» ነበር። እኔ አቧራ እንዳይገባ መስሎኝ አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው ትርጉሙን ያገኘሁት። በንፋሱ በኩል ያለ በር ክፍት ሲሆን አየሩ ገብቶ ጣራውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከላይ ደግሞ ይሳባል። ሁለቱ ሲደመሩ ጣራው የተሠራለትን ያልፋል። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ትእዛዟ ግን ትክክል ነበር።

አራተኛ ክፍል ስንማር የትምህርት ቤታችን ጣራ የተነሳው በሩ ተከፍቶ በነበረበት ቀን ነው። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነበር። መጀመሪያ ከማዕዘኑ አንድ ቆርቆሮ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ። ያ ድምፅ ከዚያ በፊት ለሳምንታት ይሰማ ነበር፣ ለምደነው ነበር። ከዚያ አንዱ ሲገነጠል ቀጣዩ ተከተለው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። ሰማዩ ታየን። ሮጠን ወጣን፤ የአጎቴ ልጅ ግን የወደቀው ቆርቆሮ እግሩን ቆረጠው። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ያ ጠቅ ጠቅ ምን ነበር? አሁን ቆርቆሮዋ የት ደረሰች? አራተኛው ረድፍ? ጥሩ። በ1974 እ.ኤ.አ. በፈረንጆች ገና ዕለት፣ አውስትራሊያ ውስጥ ዳርዊን የምትባል ከተማን ትሬሲ የተባለው አውሎ ንፋስ መታት። የከተማዋ ቤቶች አብዛኞቹ ፈረሱ፣ ከ60 በላይ ሰው ሞተ። መሐንዲሶች ፍርስራሹን ሲመረምሩ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ የቆርቆሮው ሚስማር ዙሪያ በጥቃቅን ስንጥቅ ተበልቷል። አንድ ታላቅ ምት አልነበረም የሰበረው። ንፋሱ ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ ሲያደርገው፣ ሽቦ ወዲያና ወዲህ አጥፋችሁ እንደምትሰብሩት፣ ብረቱ ደክሞ ነው የተቀደደው። ስለዚህ ጠቅ ጠቅ ስትሰሙ ቆርቆሮው እየደከመ ነው ማለት ነው። ሚስማሩ የጎማ ዋሸር አለው? ሚስማሩ በእያንዳንዱ ሞራሌ፣ ቆርቆሮው በሚመታበት እንጨት፣ ላይ ነው ወይስ እየተዘለለ? ማዕዘኑ ላይ ከመሐሉ ይልቅ በርከት ብሎ ተመቷል? ሞራሌው ራሱ ከግድግዳው ጋር በምን ታሰረ? ሚስማሩን አጠንክሮ ሞራሌውን መርሳት ጣራውን አንድ ላይ እንዲበር ማዘጋጀት ነው። ከቆርቆሮው እስከ መሠረቱ ድረስ በጣታችሁ ተከተሉ። ጣታችሁ የሚቆምበት ቦታ ካለ፣ ንፋሱም የሚበጥሰው እዚያ ነው።

እሺ፣ ሁለተኛው ነጥብ። አንድ ሕንፃ ለንፋስ ስሱ መሆኑን በምን እንለያለን?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቁመት ነው። ቁመት ድርሻ አለው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ዥዋዥዌ የገፋችሁ ሁሉ ይገባችኋል። ልጁን በራሱ ምት ላይ ከገፋችሁት በትንሽ ጉልበት ይርቃል። ሕንፃም የራሱ ምት አለው። ለረጃጅም ሕንፃዎች በመጀመሪያ ግምት የምንጠቀምበት ቀላል ቀመር አለ፤ 46ን ለቁመቱ በሜትር አካፍሉት። የሚወጣው በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ነው። 46 ሜትር ሕንፃ በሰከንድ አንድ ጊዜ ማለት ነው። አዲስ አበባ ሰንጋ ተራ ያለውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ውሰዱ፤ 209 ሜትር ነው። 46 ለ209 ሲካፈል 0.22፤ አንዱ ውዝዋዜ በግምት አራት ሰከንድ ተኩል ይወስዳል። ከሰከንድ አንድ ጊዜ በታች የሚወዛወዝ ሕንፃ በሽውታ ምት ውስጥ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ ንፋስን እንደ ቆመ ክብደት አስቦ ማስላት አይበቃም፤ እንቅስቃሴውን ራሱን ማስላት ይጠይቃል። ቁመቱ ከጠባቡ ጎኑ አምስት እጥፍ ካለፈም እንዲሁ ተጠንቀቁ። እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች ላይ ሕንፃው ሳይጎዳ ሰው ነው ቀድሞ የሚታመመው፤ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ታይፔ 101 የተባለው 508 ሜትር ሕንፃ ላይኛው ክፍል ውስጥ 660 ቶን የሚመዝን የብረት ኳስ የሰቀሉት ይህን ውዝዋዜ እንዲያረግብላቸው ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ 500 ሜትር ሕንፃ የሚሠራ ሰው የለም። ስለዚህ ወደሚመለከተን ልምጣ። ክብደቱስ? የብረት መጋዘን 9 ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ግን ከባለ 10 ፎቅ አርማታ ሕንፃ ይልቅ ንፋስ ይፈራል፤ ወደ ታች የሚይዘው ክብደት የለውምና። የዶሮ ቤት፣ የአበባ እርሻ ቤት፣ የነዳጅ ማደያ ጣራ፣ የስብሰባ ድንኳን። እነዚህን «ቀላል ሥራ ነው» ብለን ለጀማሪ እንሰጣለን። ቀላልነታቸው እኮ ነው አደጋቸው! ላሊበላ ላይ በ2008 እ.ኤ.አ. አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብና ከፀሐይ እንዲጋርዱ የተተከሉትን ትላልቅ መጠለያዎች አስታውሱ። የከተማው ሰው ቀና ብሎ አይቶ «ይህ ቢወድቅስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በእኔ እምነት ትክክለኛውን የምህንድስና ጥያቄ ነው የጠየቀው። ጎኑ ክፍት የሆነ ጣራ ከላይም ከታችም ንፋስ ያገኘዋል።

ጎረቤትስ? እንግሊዝ አገር፣ ፌሪብሪጅ የተባለ የኃይል ማመንጫ ውስጥ 114 ሜትር ቁመት ያላቸው ስምንት የማቀዝቀዣ ማማዎች ነበሩ። ኅዳር 1 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ሦስቱ ፈረሱ። የትኞቹ? ንፋሱ ቀድሞ ያገኛቸው አይደሉም። ከኋላ ያሉት ናቸው። ከፊት ባሉት መካከል የሾለከው ንፋስ ተረብሾ፣ ተጠማዝዞ ነው ኋለኞቹን የመታቸው። ስሌቱ ደግሞ አንዱ ማማ ለብቻው እንደ ቆመ ቆጥሮ፣ በአማካይ ፍጥነት ላይ ተመሥርቶ ነበር። እኛስ ኮንዶሚኒየሞችን በረድፍ ስንደረድር ከኋላ ስላለው ብሎክ አስበን እናውቃለን? ትናንት ባዶ የነበረው ጎረቤት ቦታ ላይ ዛሬ ባለ 12 ፎቅ ሲቆም የእናንተ ጣራ ላይ ያለው ንፋስ ይለወጣል። የተመዘነ ሕንፃ እንደገና መመዘን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ከጊዜ በኋላ የሚጨመሩ ነገሮችም አሉ። አንድ ጊዜ የሕንፃ ባለቤት ደውሎ «የላይኛው ፎቅ ተከራዮች ማታ ማታ ጣራው ያጉረመርማል ይላሉ» አለኝ። ወጣሁ። ጣራው ላይ 10 በ6 ሜትር የሆነ ማስታወቂያ ሰሌዳ ቆሟል፣ ከቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት ከሆነ ብረት፣ የተበየደ። ንፋሱ መካከለኛ ነበር። መዳፌን እግሩ ላይ ሳሳርፍ የሰው ደረት ላይ ጆሮ እንደማድረግ ነበር፤ ድም፣ ድም፣ ድም። ጎንበስ ብዬ የመሠረቱን ብሎኖች አየሁ። አራት ናቸው። አንዱን በሁለት ጣቴ ይዤ አዞርኩት፣ ዞረ። ቁልፍ ሳልጠቀም፣ በጣቴ! ሥሩ ያለው ሊሾ ዱቄት ሆኗል። 60 ካሬ ሜትር ነው ያ ሰሌዳ። በዚያ ከፍታ፣ ሽውታው ተጨምሮ፣ ኮዱ በሚያስበው ንፋስ ከ5 ቶን በላይ ግፊት ይሸከማል። ከሥር ደግሞ የታክሲ ተራ ነበር። ሰው ተሰልፏል፣ ሎሚ የምትሸጥ ልጅ አለች። ሰሌዳው በማግስቱ እንዲወርድ ሆነ። ሕንፃው ሲሠራ ስለ ሰሌዳው የሚያውቅ መሐንዲስ አልነበረም፤ ሰሌዳውን የተከለው ደግሞ ስለ ሕንፃው አልጠየቀም።

አሁን ሦስተኛው። ጊዜዬ ስንት ቀረ? አስራ አምስት ደቂቃ? ይበቃል።

ተሠርቶ ያለቀ ግድግዳ ከላይ በአርማታ ቋሚና አግዳሚ ይያዛል፣ ጣራው ያግዘዋል፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደግፈዋል። ገና እየተሠራ ያለ ግድግዳ ግን ብቻውን ነው። እስኪ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግድግዳ፣ በካሬ ሜትር 250 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ምንም ማሠሪያ የለውም፣ ሲሚንቶውም ገና አልያዘም። 2 ሜትር ከፍ ካለ በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ግፊት ይገለብጠዋል። 4 ሜትር ካደረሳችሁት 12 ኪሎ ተኩል ይበቃዋል። ቁመቱ በጨመረ ቁጥር ክብደቱ ጨመረ ብላችሁ አትጽናኑ፤ አቅሙ በግማሽ ወርዷል። 12 ኪሎ ተኩል ማለት በሰከንድ 16 ሜትር ገደማ ንፋስ ነው። ኮዱ ካለው 22 በታች! አዳማ ላይ እንዲህ ያለ ሽውታ ብርቅ ነው?

ወጣት ሳለሁ፣ ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ በአንድ መጋዘን ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የጎን ግድግዳው 4 ሜትር ደርሶ አርብ ማታ ሥራ ቆመ። አግዳሚው ሰኞ ይሞላል ተብሎ ነበር። እኔ አይቼ፣ ቱንቢው ቀጥ ማለቱን አረጋግጬ፣ ፈርሜ ሄድኩ። ድጋፍ እንዲደረግለት አላዘዝኩም። ቅዳሜ ሌሊት ወደቀ፤ የዘበኛው መጠለያ ላይ። አባባ ትከሻቸው ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። ሆስፒታል ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃቸው ምን አሉኝ? «ልጄ፣ ግድግዳው ሐሙስ ማታም ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ። ለማን ልንገር? ማን ይጠይቀኛል?»

ማን ይጠይቀኛል። ይህ ቃል ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ ወጥቶ አያውቅም። ቱንቢው ቀጥ ማለቱን እኔ በቀን፣ ንፋስ በሌለበት ሰዓት ነው ያየሁት። እሳቸው ግን ከግድግዳው ጋር አድረዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማንኛውንም ሕንፃ ለንፋስ ስመዝን፣ ኮምፒውተር ከመክፈቴ በፊት ዘበኛውን እጠይቃለሁ። አባባ፣ ንፋስ ሲነሳ ምን ይሰማል? ከየት በኩል? በሩ አልዘጋ ይላል? ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል? ያፏጫል? ባለፈው ዓመት ነው የጀመረው ወይስ ከመጀመሪያው? የምትሰሙትን ትገረሙበታላችሁ። ፅዳት የምትሠራዋን እናት ጠይቁ፤ በየትኛው መስኮት ሥር ሁልጊዜ ፍርፋሪ እንደምትጠርግ ታውቃለች።

ሌላው የሳይት ጉዳይ «ትንሽ ማሻሻያ» የምንለው ነገር ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ የተጠናቀቀ፣ ሲቲኮርፕ የተባለ ባለ 59 ፎቅ ሕንፃ አለ። መሐንዲሱ ዊልያም ለምሴሪየር የብረቱ መጋጠሚያዎች በብየዳ እንዲያያዙ ነበር ያሰበው። ሲሠራ ግን በብሎን ተተኩ፤ ብሎን ይረክሳል፣ ይፈጥናልም። እሱ በኋላ ነው የሰማው። በ1978፣ ሕንፃው ቆሞ ሰው ገብቶበት ሳለ፣ ንፋስ በማዕዘኑ በኩል አግድም ቢመጣ ምን ይሆናል ብሎ እንደገና ሲያሰላ፣ አንዳንድ ብረቶች ላይ ጭነቱ በ40 በመቶ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ ደግሞ በ160 በመቶ እንደሚጨምር አገኘ። ምን አደረገ? ሄዶ ተናገረ። ለባለቤቱ፣ ለከተማው። ሠራተኞች ሌሊት ሌሊት እየገቡ መጋጠሚያዎቹን በብረት ሳህን በየዷቸው። ፎርማኖች፣ ብየዳን በብሎን፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮን በባለ 10፣ ኢጋ የሚባለውን ጠንካራ ቆርቆሮ በቀጭን ቆርቆሮ ስትቀይሩ የምትቀይሩት ዕቃ ብቻ አይምሰላችሁ። ደውሉ። ያሰላውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። መሐንዲሶች፣ እናንተም ስህተታችሁን ስታገኙት ተናገሩ። እኔ ያንን ግድግዳ ዛሬ እዚህ ቆሜ የማወራላችሁ ለዚህ ነው።

ከከተማው አስተዳደር የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተን አንድ ነገር ልለምን። 22 ሜትር በሰከንድ የሚለው ቁጥር መነሻ ነው፤ የኮረብታ አፋፍ ላይ ያለን ቤትና ጉድጓድ ውስጥ ያለን ቤት እኩል አድርጎ አያውቃቸውም። ፈቃድ ስትሰጡ ቦታውን እዩ። የሰሌዳ ፈቃድ ስትሰጡ ሥሩ ያለውን ጣራ ማን እንዳሰላው ጠይቁ። ግድግዳ ያለ ድጋፍ ሲያድር ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ፤ ኮንትራክተሩ ቢቆጣም ይቆጣ።

የቤት ባለቤቶች፣ እናንተ ነገ ጠዋት የምትሠሩት ቀላል ነው። መሰላል ሳትወጡ፣ ከደጅ ቆማችሁ ማዕዘኑን እዩ። ከጠርዙ የተነሳ፣ ወደ ላይ የታጠፈ ቆርቆሮ አለ? ድንጋይ ጭናችሁበት ከሆነ ድንጋዩን አውርዱ፤ ቆርቆሮውን አይዝም፣ ሲነሳ ግን ሰው ላይ ይወድቃል። ባለ ዋሸር ሚስማር ግዙ፣ እንጨቱ የበሰበሰ ከሆነ አስቀይሩ።

ጥያቄ ካላችሁ አሁን እንቀበላለን። እጃችሁን አያለሁ፣ አንቺ እዚያ ጋ፣ ቀጥሎ ጋሽዬ። ከዚያ በፊት ቆርቆሮዬ የት ደረሰች? ኋላ ናት? ወደ ፊት መልሱልኝ፣ እጃችሁን ተጠንቀቁ። የዚያ የትምህርት ቤታችን ጣራ ናት፤ ነገ ጠዋት ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ አሳያቸዋለሁ።